የብልቃጥ ውልደት፣ ሞትና ፍልሰት በዳባትና በደባርቅ

በዳባት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕዝብና የጤና ክትትል ማዕከል አለ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ መረጃ ሰብሳቢዎቹ ከቤት ቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አካባቢውን ለቀቀ ብለው ይመዘግባሉ። ሥራው የተመሰገነ ነው፤ ብዙ የምርምር ጽሑፍም ወጥቶበታል። ነገር ግን መዝጋቢዎቹ በገቡበት ቤት ሁሉ ከመደርደሪያ ላይ ቁልቁል ሲያያቸው የኖረ አንድ ነዋሪ ዛሬም ከቅጹ ውጭ ነው። እሱም የቅባት ብልቃጥ ነው። መቼ እንደተወለደ የሚያውቅ አይጠፋም፤ መሞቱን ያረጋገጠ ግን የለም። ይህ ጥናት ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ተራሮች በሚወስደው መንገድ ዳር ባሉ መንደሮች ያለውን የዕውቀት ክፍተት በአቅሙ ለመሙላት ተዘጋጅቷል።

ዘዴው ቀላል ነው። ቡና ሲጠሩን መሄድ፣ ጀበናው እስኪፈላ መደርደሪያውን መቃኘት፣ ከዚያ በጨዋ ደንብ «እትዬ፣ ይኼ አልቋል?» ብሎ መጠየቅ። ጥያቄው እንደ ስድብ የተቆጠረባቸው ቤቶች ከናሙናው እንዲወጡ ተደርጓል፤ አጥኚውም ከቤቶቹ።

ስለ አየሩ ጥቂት ማለት ግድ ነው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ የደባርቅ ጉንጭ ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ጉንጭ ይልቅ ከሩብ በላይ ትርፍ ጨረር ይደርሰዋል፤ ያውም በነፃ። በበጋ ሰማዩ ጥርት፣ አየሩ ደረቅ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ተረከዝ ይነቃል፣ የእረኛ ጉንጭ ይላጣል። ለዚህ ሁሉ ጭላዳ ዝንጀሮ ጠጉር ተሰጥቶታል፤ የደባርቅ ሰው ቫዝሊን።

ቫዝሊንን ለገበያ ያበቃው ሮበርት ቼስብሮ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ነው። በነዳጅ ጉድጓድ ቧንቧ ላይ እየተጋገረ ሠራተኛ ሲያስቸግር የነበረውን ዝቃጭ አጣርቶ እ.ኤ.አ. በ1872 የፈጠራ መብት አወጣበት። በየቀኑ አንድ ማንኪያ ይውጥ ነበር ይባላል፤ 96 ዓመት ኖሯል። በጥናቱ አካባቢ ቫዝሊን የሚውጥ ሰው አልተገኘም። ዋጋው አይፈቅድም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ሞት እንግባ። ባለቤቲቱ «አለቀ» የምትለው ጣቷ የብልቃጡን ወለል በነካ ዕለት ነው። አጥኚዎች በዚህ ቃል ሊታለሉ አይገባም። ቃሉ የሚነገረው ልትዋስ ለመጣች ጎረቤት ነው፤ ጎረቤቲቱ ስትወጣ ብልቃጡ ነፍስ ይዘራል። በታኅሣሥ ማለዳ ቫዝሊን ጠጥሮ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል፤ እንዲህ ያለውን ብልቃጥ ምድጃ ዳር ማስቀመጥ ነው። ቀስ እያለ ይለሰልሳል፣ ወደ ታች ይሰበሰባል፣ «አልቋል» የተባለው ነገር ለመላው ቤተሰብ ለጥምቀት ይበቃል። የጥምቀት ዕለት ታቦት አጅበው የሚወርዱ ልጆች ፊታቸው እንዲያ የሚያበራው ባብዛኛው ሙት ነው በተባለ ቫዝሊን ነው።

ሎሽን ሌላ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ተገልብጦ ያድራል። ከዚያ ከመዳፍ ጋር እየተላተመ ይወቀጣል። በሦስተኛው ደረጃ ውኃ ይጨመርበትና ይበጠበጣል፤ በዚህም የቀጠነ፣ ነጭ፣ ሽታው ብቻ የቀረ ፈሳሽ ይገኛል። እዚህ ላይ ሽሙጡን ትቼ አንድ ነገር ልበል፤ ውኃ ሲጨመርበት ቅባቱ እንዳይበላሽ የተደረገበት መድኃኒትም አብሮ ይቀጥናል፣ ተሕዋስያንም ይራቡበታል። የተበጠበጠ ሎሽን በዚያው ቀን ካላለቀ መደፋት አለበት። ይህን ምክር ተቀብሎ የደፋ ሰው አልገጠመንም። ቱቦን በተመለከተ ግን ሙሉ ስምምነት አለ፤ በምላጭ ለሁለት ይከፈላል። የቱቦን ሆድ አንድ ጊዜ ያየ ሰው እስከዚያ ቀን የጣላቸውን ቱቦዎች ሁሉ እያሰበ ይቆጫል።

ብልቃጡ ፍጹም ባዶ በሆነ ጊዜ እንኳ አይሞትም፤ ሥራ ይቀይራል። ሚጥሚጣ፣ ጨው፣ እጣን፣ መርፌና ክር፣ የዕቁብ ብር ይገባበታል። የግሊሰሪን ጠርሙስ በጥሩ ሁኔታ ከታጠበ ወደ ጠበል መያዣነት ያድጋል፤ በዚህ ዘርፍ ከዚያ በላይ ሹመት የለም። ችግሩ የተሿሚው ክዳን የድሮ ስሙን ይዞ መቅረቱ ነው። እንግዳ ሆና የመጣች አንዲት ዘመድ ቫዝሊን ነው ብላ ለወጥ የተነጠረ ቅቤ ጠጉሯን ተቀብታ ኮረሪማ ኮረሪማ እያለች ቤተ ክርስቲያን ስማ መመለሷ በናሙናው ውስጥ ተመዝግቧል። ቅሬታ አላቀረበችም።

ይህ ሁሉ ስለ ምርት ግምገማ የሚያስተምረን አለ። ስለ አንድ ቅባት ሊመሰክር የሚገባው ጨርሶ ያየው ሰው ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ቅባት ጥሩ ነው፤ በደረቀ ቆዳ ላይ የኑግ ዘይትም ያበራል። በተለይ ባለሱቁ «እኔ ራሴ የምቀባው ነው» ሲል እጁን ማየት ይጠቅማል፤ በናሙናችን እንዲህ ካሉት መካከል መዳፉ እንደ ሐምሌ አጥር ያልሻከረ አልነበረም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ፍርድ ከወለል ከደረሱ ብልቃጦች ብቻ የተሰበሰበ ነው።

ቫዝሊን ውኃ አይሰጥም፤ ያለውን ውኃ እንዳይወጣ ይከድናል። በደረቀ እግር ላይ የተቀባ ቫዝሊን ድርቀቱን በሚገባ ከድኖ ያስቀምጣል። ታጥቦ ውኃው ሳይደርቅ የተቀባበት ተረከዝ ግን ይድናል። ግሊሰሪን ጠባዩ ሌላ ነው፤ ውኃ ይስባል። ከአየሩ ካገኘ ከአየሩ፣ ካጣ ከራሱ ከቆዳው። በደባርቅ በጋ አየሩ የሚስበው ነገር ስለሌለው ንጹሕ ግሊሰሪን ፊቱን ተቀብቶ የሚወጣ ሰው የራሱን ውኃ እያስቀዳ ነው። በውኃ ይቀጠን፣ ከላዩም ቫዝሊን ይደረብበት። ለጋ ቅቤ ለጠጉር ተወዳዳሪ የለውም፤ ከሻሽ ሥር ሲያድር ሥራውን ይሠራል። የተመዘገበበት ብቸኛ ጉድለት ወደ ጎንደር በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ፀሐይ በኩል በተቀመጡ ጊዜ፣ ከኋላ ያሉ ተሳፋሪዎች መስኮት እንዲከፈት መጠየቃቸው ነው።

ፊት የሚያቀላ የሚባለው ክሬም ከሁሉም በፍጥነት የሚያልቅ ሆኖ ተገኝቷል። የሚያልቀው ጥሩ ስለሆነ አይደለም፤ ሲያቆሙት ፊት ስለሚቆጣ ነው። እንዲህ ካሉት ክሬሞች ብዙዎቹ ሃይድሮኪኖን ወይም እንደ ክሎቤታሶል ያለ ሐኪም ሊያዘው የሚገባ መድኃኒት ይዘው ይገኛሉ፤ በካርቶኑ ላይ ያልጻፉትም አሉ። የአውሮፓ ኅብረት ሃይድሮኪኖንን ከቆዳ መዋቢያ ዝርዝር ያስወጣው ገና እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። እንዲህ ያለው ክሬም ቆዳን ያሳሳል፣ ማድያቱን መልሶ ያጠቁራል፤ ያንን የሳሳ ቆዳ ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ያለችው ፀሐይ ትጠብቀዋለች። በዚህ ላይ ቅናሽ ቢደረግም ፍርዳችን አይቀንስም። ጣሉት፤ ፊቱ የተጎዳም ሐኪም ይይ።

ስለ ፍልሰት ያገኘነው መረጃ ከሁሉ የሚያስደስት ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ቱሪስቱም ተራራውን ጨርሶ ሲወርድ ሻንጣውን ለማቅለል ግማሽ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ለአስጎብኚው፣ ለስካውቱ ወይም ለበቅሎ ነጂው ይሰጣል። ከሐምቡርግ ወይም ከሊዮን የተነሣ ቱቦ ሕይወቱን የሚጨርሰው በሳንቃበር መንገድ ነው። አንድ በቅሎ ነጂ ቱቦው ላይ «50» የሚለውን አይቶ ከሃምሳ ዓመት በላይ ላለ ሰው የታዘዘ መስሎት ለአባቱ ወስዶለታል። ስሕተቱ ጉዳት የለውም፤ አባትዬው ከዚያ ወዲህ ፊታቸው አልተላጠም። ለገዢ ግን የሚጠቅም ነገር አለ፤ 30 የሚለው ቆዳን ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶ ያህሉን ይከለክላል፣ 50 የሚለው 98 በመቶ ያህሉን። ለዚያች ለአንዲት ነጥብ ብሎ ተጨማሪ ብር የሚከፍል ሰው ብሩን ይዞ ኮፍያ ቢገዛ ይሻለዋል።

ወደ ቅናሽ እንለፍ። ሌላው ዓለም ቅናሽን የሚያገኘው ባለሱቁ በለጠፈው ወረቀት ነው። በደባርቅ ቅናሽ በገዢና በሻጭ የጋራ ጥረት የሚመረት ነገር ነው። የመጀመሪያው ዋጋ ሰላምታ ነው። «መጨረሻውን ንገረኝ» ሲባል ውይይት ይከፈታል፤ «በመጣበት ዋጋ ነው፣ ከኪሴ ጨምሬ» ሲባል ይጋጋላል። እውነተኛው ዋጋ የሚታወቀው ገዢዋ ፊቷን አዙራ እስከ ጎረቤት ሱቅ ደጃፍ ስትደርስ ነው፤ እዚያ ሳትደርስ ከተጠራች ዕቃው ብዙ አትርፏል ማለት ነው። ካልተጠራች ዋጋው እውነት ነበር፤ ትንሽ ቆይታ በሌላ ጉዳይ እንዳለፈች ሆና ትመለስ።

ትልቅ ብልቃጥ በግራም ሲሰላ ይረክሳል የሚለውን የተማረ ምክር ግን ጥናቱ አልደገፈውም። ትልቅ ብልቃጥ የሕዝብ ነው። መደርደሪያ ላይ ይታያል፣ እንግዳ ይቀባዋል፣ የእንግዳ ልጅ ይቀባዋል፣ እግሩን ታጥቦ የገባ ሁሉ ተረከዙን ያስመርቅበታል። ትንሽ ብልቃጥ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ የአንድ ሰው ሆኖ ይኖራል። የግራሙ ስሌት ጎረቤት የሌለው ሰው ያወጣው ነው።

በሌላ በኩል የዋጋ ንረቱ ቅናሽ የሚባለውን ነገር ራሱን ለውጦታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ገብቶ አቧራ የለበሰው ቫዝሊንም ዜናውን ሰምቶ በዚያው ሳምንት ዋጋውን አስተካከለ። በእንዲህ ያለ ጊዜ፣ መንገድም ሲዘጋጋ፣ ያልጨመረ ዋጋ ቅናሽ ነው፤ ከሁሉ የረከሰው ደግሞ ቤት ያለውና ክዳኑ ያልተከፈተው ነው። ገበያ ከመውጣት በፊት የራስን ሳጥን መክፈት በናሙናው ከታዩ ልማዶች ሁሉ ወጪ የማያስከትል ብቸኛው ነበር።

በእውነት በርካሽ የሚሸጥ ከተገኘ ግርጌውን ማየት ይገባል። ቀኑ የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ እዚህ ላይ የአካባቢው ንግድ ለዓለም ያበረከተው ግኝት አለ። እ.ኤ.አ. በ2025 ያበቃ ሎሽን በኢትዮጵያ 2018 ዓ.ም. ሲታይ ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል። ይህን ስሌት ከአንድ በላይ ባለሱቅ በሙሉ እምነት አስረድቶናል። ክዳኑ የተከፈተ ብልቃጥ ምስል ውስጥ «12» የሚል ካለ ደግሞ ከተከፈተ በኋላ ለ12 ወር ብቻ ይሠራል ማለት ነው፤ መደርደሪያው ላይ የልጁን ቁመት የሚከታተል ብልቃጥ ያላቸው ቤቶች ይህን ልብ ይበሉ።

ስለዚህ የዳባትና የደባርቅ ባለሱቆችን በትሕትና እንጠይቃለን፤ የሚያበቃበትን ቀን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀይራችሁ ለጥፉልን። ይህ ካስቸገራችሁ፣ ዕቃው በእኛ አቆጣጠር ገና ሰባት ዓመት የሚቀረው ከሆነ፣ ዋጋውንም በእኛ አቆጣጠር አድርጉልን፤ የዛሬ ሰባት ዓመቱን አስከፍሉን።