ውሃ ገብቶባት ያውቃል?

ኅዳር 12፣ የሚካኤል ንግሥ ነው። ቁሐር ሚካኤል ያለችው አክስቴ «ዘንድሮም ብትቀር ዓይንህን አላይም» ስላለችኝ ከባሕር ዳር የተነሣሁት ገና ሳይነጋ ነው። ሐሙሲትን አለፍሁ፤ የጉማራን ድልድይ ተሻገርሁ። ወረታ ልገባ ጥቂት ሲቀረኝ መኪናዬ እንደ ኩራዝ እፍ ተብላ ጠፋች። አላንገራገረች፣ አልጨሰች፣ አልጮኸች፤ ጸጥ ነው ያለችው።

ግራና ቀኙ የፎገራ ሜዳ ነው። ሩዙ ግማሹ ታጭዷል፣ ግማሹ ቢጫ ሆኖ ቆሟል። ነጭ የለበሰ ሕዝብ በመንገዱ ዳር ወደ ታቦቱ ይተማል። ቁልፉን ደጋግሜ አዞርሁት። ሞቶሪኖው ያሽከረክራል፣ ሞተሩ አይነሣም። ክሩስኮቶውን ሳይ፣ የሞተር ምስል ያለባት ቢጫዋ መብራት የለችም። ቁልፉን ዘግቼ ከፈትሁ፤ አሁንም የለችም።

ሰው ይህችን መብራት የሚፈራት ስትበራ ነው። አለመብራቷም ያስፈራል። ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ሳይነሣ መብራት አለባት፤ ሞተሩ ሲነሣ ደግሞ ትጠፋለች። ቁልፍ ሲከፈት ጭራሽ ካልታየች ወይ አምፖሏ ተቃጥሏል፣ ወይ የሞተሩ ኮምፒውተር አልነቃም፤ ኤሌክትሪክ ሳይደርሰው ቀርቶም ይሆናል፣ ራሱ ታሞም ይሆናል።

የኔ ነገር የጀመረው ነሐሴ ላይ ነበር። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ይወርዱና ሜዳው ላይ ሲደርሱ ዳርቻቸውን ጥሰው ይተኛሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ስንቱን የፎገራ ገበሬ ከቤቱ አፈናቅለዋል። ባለፈው ነሐሴ እኔ ያገኘሁት መንገዱን የሸፈነ ውሃ ብቻ ነበር፤ ቀስ ብዬ ሰንጥቄው አለፍሁ። ቤት ስደርስ ከፊት ተሳፋሪው እግር ሥር ምንጣፉ ርሷል። ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ ደረቀ፣ ረሳሁት።

መስከረም ላይ መኪናዋ ቆማ ስትሠራ ሚኒሞዋ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። ጥቅምት ላይ ሲሞቃት ትጠፋለች፣ ግማሽ ሰዓት አርፋ ስትቀዘቅዝ ምንም እንዳልሆነች ትነሣለች። ቤንዚን ትጠጣለች፣ ጥቁር ታጨሳለች። ጋራዥ ስወስዳት ካንዴላ ተቀየረ። ቀጥሎ ቦቢና፣ ቀጥሎ የቤንዚን ፓምፕ፣ ቀጥሎ ባትሪ። የመመርመሪያው መሣሪያ አንድ ቀን የሦስት ሴንሰር ብልሽት አንድ ላይ ይዘረዝራል፣ ሌላ ቀን ከመኪናዋ ጋር መነጋገር ያቅተዋል። አሁን ሳስበው ትልቁ ምልክት ይኸው ነበር። ሦስት ሴንሰር በአንድ ጠዋት አይሞትም፤ ሦስቱን የሚያገናኛቸውን ነው መፈለግ።

የሚያገናኛቸው ደግሞ ኮምፒውተሩ ነው። የአየሩን መጠን፣ የሞተሩን ሙቀት፣ የነዳጅ መርገጫውን፣ የሞተሩን ዙር ከሴንሰሮቹ ይሰማና ቤንዚኑ ስንት እንደሚረጭ፣ እሳቱ መቼ እንደሚሰጥ ይወስናል። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር በሰከንድ 25 ጊዜ እሳት ይፈልጋል። ይህን ሁሉ የሚያዝዝ ዕቃ አንዲት እግሩ ስትዝግ ምን እንደሚያናግረው መገመት ነው።

በዚያ የሚካኤል ጠዋት በመንገዱ ያልፉ የነበሩ ወጣቶች ንግሡን ትተው እየገፉ ወረታ አደረሱኝ፤ ሚካኤል ውለታቸውን ይክፈል። የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ አንድ ልጅ በበዓል ቀን ተለምኖ መጣ። ኮፈኖውን ሳይከፍት፣ መሣሪያ ሳያወጣ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፦

«ጋሼ፣ ውሃ ገብቶባት ያውቃል?»

በሦስት ወር ውስጥ ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። እኔም ለማንም አልተናገርሁም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ የደበቅሁት አስቤ አይደለም፣ ግን የመርሳትም ዋጋው ያው ነው።

ልጁ ኮምፒውተሩን ወዲያው አልኮነነውም። መጀመሪያ ባትሪውን ለካ፣ 12.5 ቮልት። ፊውዞቹን አየ። ማሳውን፣ ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ቦዲው የሚሄደውን ገመድ፣ ፈትቶ ፋቀና መልሶ አሠረ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ለሴንሰሮቹ የሚልከውን 5 ቮልት ለካ፤ የለም። «አንዱ ሴንሰር ሾርት አድርጎ ሁሉንም ሊያወርድ ይችላል» ብሎ እየለካ አንድ በአንድ ነቀላቸው። 5 ቮልቱ አልተመለሰም። ያን ጊዜ ነው ከተሳፋሪው እግር አጠገብ የተጣበቀውን የመጽሐፍ ያህል ሳጥን ያወጣው።

ሶኬቱን ሲነቅለው አጎንብሼ አየሁ። ከመርፌ የማይወፍሩት እግሮች አብዛኞቹ ያበራሉ፤ በታች ጥግ ያሉት አራቱ ግን እንደ ቆየ የመዳብ ቀለበት አረንጓዴ ለብሰዋል። ክዳኑን ሲከፍተው ያ አረንጓዴ ከእግሮቹ ወደ ሰሌዳው እንደ ሥር ገብቷል። የነሐሴ ውሃ ኅዳር ድረስ እየበላው ነበር።

በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ አጠበው፣ ፀሐይ ላይ አደረቀው፣ የተበጠሰችውን መስመር በቀጭን ሽቦ በየደ። ቢጫዋ መብራት በራች፣ ሞተሩ ሲነሣ ጠፋች። «ለጊዜው ነው፤ የተበላ አይመለስም» አለኝ። ተለዋጭ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ሲፈለግ ቁጥሩ አንድ መሆን እንዳለበት፣ ቁልፏን የምታውቅ መኪና ከሆነች ደግሞ አዲሱን ኮምፒውተር ከቁልፉ ጋር ማስተዋወቅ እንደሚያስፈልግ ነገረኝ። ችግሩን ውሃ ብቻ አያመጣውም። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. ቶዮታ በአሜሪካና በካናዳ ከ1 ሚሊዮን በላይ ኮሮላና ማትሪክስ የጠራው በዚሁ ዕቃ ጉድለት ነበር፤ አንዳንዶቹ አልነሣም ይሉ፣ አንዳንዶቹም እየሄዱ ይጠፉ ነበር። ባትሪ ሲያስነሡ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ማገላበጥም ይገድለዋል።

አክስቴ ቤት ስደርስ ታቦቱ ገብቷል፤ እዚያው አደርሁ። በማግሥቱ ባለቤቷ የሩዝ ክምራቸው ዘንድ ወሰዱኝ። ከላይ ሲታይ ደረቅ ነው፣ ይንኮሻኮሻል። እሳቸው እጃቸውን እስከ ብብታቸው ክምሩ ውስጥ ከተቱና ዝም ብለው ቆዩ።

«ምነው፣ ምን አገኙ?» አልኋቸው።

«ይሞቃል። ና፣ አንተም እጅህን ክተት፤ ክምር ከላይ ታይቶ አይታመንም።»

ከተትሁ። ውስጡ እንደ ትኩሳተኛ ግንባር ይፋጃል። አባወራው ወደ ልጃቸው ዞረው ጠየቁ፦

«ይኸ ነዶ መቼ ነው ዝናብ የነካው?»

ልጁ አልደበቀም። ቀኑን ተናገረ። ክምሩን አፍርሰን እስከ ቀትር ስናሰጣ ዋልን።