ድንጋይ አታምጡብን

ስለ ከተማው የሚጽፍ ሁሉ ሲያማርር ነው የሚውለው። እኔ ደግሞ ላመስግን። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲጀመር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሰግቼ ነበር። መንገዱ ይቆፈራል፣ አጥሩ ይነሳል፣ አቧራው ይጨሳል፤ መጨረሻ ላይ ግን ለባለመኪናው ምን ይደርሰዋል? እያልኩ ስብሰለሰል ሥራው አለቀና መብራቱ በራ። ከአስፋልቱ ጎን፣ ለቪትዜ ተለክቶ የተሰፋ የሚመስል፣ ቀለም የተቀባ ንጹሕ መሬት ተዘርግቶ አገኘሁ። መሬቱ ላይ ሳይክል ተሥሎበታል። ምን ለማለት እንደተፈለገ ለጊዜው አልገባኝም። ኋላ ግን ሸማ ጥለት ካለው አስፋልትስ ጥለት ቢኖረው ምናለበት ብዬ መኪናዬን አቆምኩበት። እነሆ እስከ ዛሬ እዚያው ነኝ።

ያለ ሕግ የቆምኩ እንዳይመስላችሁ። ሃዛርድ አብርቻለሁ። በዚህ ከተማ መቆም በብዙ ቦታ ክልክል ነው፤ ሃዛርድ ሲበራ ግን መኪናው አልቆመም፣ ለመሄድ እያሰበ ነው። ይህ በአዋጅ አልተጻፈም፤ ከታላላቆቻችን መንጃ ፈቃድ ሳናወጣ በፊት የወረስነው ወግ ነው። ከሃዛርድ ጋር አብሮ የሚሄደው ደግሞ «አምስት ደቂቃ» ነው። አምስት ደቂቃ ከሰዓት ጋር ዝምድና የለውም። ማኪያቶ አምስት ደቂቃ ነው። የባንክ ወረፋ አምስት ደቂቃ ነው። አንድ ወዳጄ ሠርግ ላይ ለአምስት ደቂቃ ብሎ ቆሞ ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ ነው የወጣው፤ ያውም ባትሪው አልቆ በግፊ ነው የተነሳው።

ታዲያ አንድ ጠዋት፣ አምስት ደቂቃዬ ገና ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው፣ አንድ ሽማግሌ ሳይክል እየነዱ መጥተው ከመኪናዬ ኋላ ቆሙ። አናጢ ናቸው፤ መጋዝና መዶሻቸውን ከኋላ አስረዋል። ከጎን ካለው ቡና ቤት በረንዳ ሆኜ አየኋቸው።

«ልጄ፣ በየት ልለፍ?» አሉኝ።

«በዚህ ዞር ይበሉ አባቴ» አልኩና አስፋልቱን አሳየኋቸው።

ወደ አስፋልቱ አዩ። «ሲኖትራክ እየመጣ ነው።»

«ያይዎታል።»

«ካላየኝስ?»

«ክላክስ ያደርጋል።»

ጥቂት አሰቡና ወርደው፣ ሳይክላቸውን እንደ በግ እየጎተቱ በእግረኛው መንገድ አለፉ። ምስጋና ቢስ ሰው አይደሉም፤ ሲያልፉ እንኳ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለውኛል። ምን ስለሰጠኋቸው እንደሆነ ግን እስካሁን አልገባኝም።

የዚያኑ ቀን ይህ የሳይክል መንገድ የሚባለው ነገር ለማን እንደተሠራ በጥናት ላረጋግጥ ብዬ፣ ሁለተኛ ማኪያቶ አዝዤ ተቀምጬ ቆጠርኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ያለፈው ሳይክል አንድ ነው። እሱም አስፋልቱ ላይ፣ በሁለት ሚኒባስ መካከል። በቀለሙ ላይ የነበሩትን ልዘርዝር፦ የእኔ ቪትዝ፣ አንድ ፒክአፕ፣ ምግብ የሚያደርሱ ሦስት ሞተሮች፣ የቡና ቤቱ በርጩማዎች፣ ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ የተኛበት የውሃ ቦቴ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ የአሸዋ ክምር። ይኸው በቃ! ባለሳይክል የለም። ባለሳይክል ከሌለ ደግሞ ለማን ብለን ነው ቦታ የምናባክነው? ጠላው ሳይጠመቅ ጠጪው የት አለ የሚል ነገረኛ ይኖር ይሆናል። እኔ የማወራው በዓይኔ ስላየሁት ነው።

ነገሩን እንዳታጣምሙብኝ፣ የሳይክል መንገድ ጠላት አይደለሁም። እንዲያውም በከተማው ሁሉ ቢቀባ ደስ ይለኛል። ቀለም የሚጠላ ማን አለ? ቀለም ጎማ አይነካም፣ መስተዋት አይሰብርም፣ አይገፋም አይጋፋም። እኔን የሚያስፈራኝ ድንጋዩ ነው። በመኪናውና በሳይክሉ መካከል የሲሚንቶ ጠርዝ ይገንባ፣ የብረት ምሰሶ ይተከል፣ ከባድ የአበባ ማስቀመጫ ይደርደር የሚሉ ሰዎች መኖራቸውን ሰምቻለሁ። ካልተከለለ የሳይክል መንገድ አይባልም ይላሉ። እናንተ ሰዎች፣ መተማመን የት ሄደ? መስመር ተሠምሮልኝ ሳለ ድንጋይ መጨመር በሰው ፊት «ሌባ» ብሎ እንደ መጥራት ነው። ድንጋይ «አምስት ደቂቃ ነው» ቢሉት አይሰማም። ድንጋይ የማን ዘመድ እንደሆንኩ አያውቅም።

ይህን ክፉ ነገር ያመጡት ፈረንጆች ናቸው። ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ2007 ማንሃተን ውስጥ ዘጠነኛ ጎዳና በሚሉት መንገድ ላይ የፈጸመችውን ጉድ ስሙ። የሚቆሙት መኪኖች ከእግረኛው ጠርዝ እንዲርቁ ተደረገና፣ በእነሱና በጠርዙ መካከል ሳይክል እንዲያልፍ ተፈቀደ። አስተዋላችሁ? ባለሳይክሉ ከውስጥ ተሸሽጎ ሲሄድ፣ የቆመው መኪና ከውጭ ሆኖ ከሚከንፈው መኪና ይጠብቀዋል። መኪናን የሳይክል ዘበኛ አደረጉት! ስንት ዓመት ዕቁብ ጥዬ የገዛኋት ቪትዝ የአናጢ ዘበኛ ሆና ስትቆም ታየኝና እንቅልፍ አጣሁ።

ሆላንዶችም ቢሆኑ በተፈጥሯቸው ሳይክል ወዳድ ናቸው የሚባለው ተረት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እነሱም እንደ እኛ መኪና አምላኪ ሆነው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ 3,300 ያህል ሰው በመንገዳቸው ላይ ሞተ፤ ከመካከላቸው ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች «የሕፃናቱ ግድያ ይቁም» ብለው አደባባይ ወጡ። እዚህ ላይ ነው ድክመታቸው። እኛ ብንሆን ነፍስ ይማር ብለን፣ ድንኳን ጥለን፣ ሦስት ቀን ተቀምጠን፣ ልጁ ለምን እዚያ እንደተገኘ ተጠያይቀን እንለያይ ነበር። እነሱ ግን መንገዱን ጠየቁት። መጠየቅ ልማድ ሆነባቸውና አሁን የመሥሪያ ቤት ኃላፊው ሳይቀር ሳይክል ላይ ነው የሚታየው።

ወደ ዜብራው ልምጣ፤ ሆድ የሚያስብሰኝ እሱ ነው።

በአዲስ አበባ ከግማሽ የሚበልጠው ጉዞ በእግር የሚደረግ ነው ይባላል። በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱትም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ሁለቱን ስታስተያዩዋቸው ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ይገለጥላችኋል፦ እግረኛ በዝቷል። በዚህ ላይ ዜብራን በተሳሳተ መንገድ ነው የሚረዳው። ዜብራ ማለት እግረኛ ቆሞ የሚለምንበት የተከበረ ሥፍራ ነው፤ ነጩ መስመር ለማኙ ከሩቅ እንዲታይ የተቀባ ነው። ሥርዓት ያለው እግረኛ እጁን ዘርግቶ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ከእያንዳንዱ ሹፌር ጋር ዓይን ለዓይን ተያይቶ፣ መስመር በመስመር ምሕረት እየለመነ ይሻገራል። አንዱ ሹፌር ቢራራለት እንኳ በሁለተኛው መስመር ያለው መራራት አለበት፤ የቆመውን መኪና ከለላ አድርጎ የሚመጣውን ስላላየ የሄደ እግረኛ ስንቱ ነው! እኔ በበኩሌ ለእግረኛ ሁልጊዜ መብራት ብልጭ አደርጋለሁ። «መጣሁልህ» ማለቴ ነው። «እለፍ» ያልኩት የሚመስለው የዋህ ግን አይጠፋም።

መሐንዲሶቹ ደግሞ ይኸውላችሁ ሥራቸው። ዜብራውን ከአስፋልቱ ከፍ አድርጉት፣ መኪናው እንደ ጉብታ ይውጣው ይላሉ። የመታጠፊያውን ማዕዘን አጥብቡት፣ ሹፌሩ ሳያቀዘቅዝ እንዳይታጠፍ ይላሉ። የእግረኛውን ጠርዝ ወደ አስፋልቱ ግፉት፣ መሐል ላይ ማረፊያ ሥሩለት፣ መሻገሪያው ይጠር ይላሉ። ምክንያታቸውም ሒሳብ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው አደጋ አይቶ አንድ ሰከንድ ቢደነግጥ፣ እግሩ ፍሬኑን ሳይነካ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በ30 ቢነዳ ግን 8 ሜትር ገደማ ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ይሁን፤ ሒሳቡን አልካድኩም። እኔ የምለው፣ ያን አንድ ሰከንድ ለምን እግረኛው አይደነግጥም?

ደግነቱ የእግረኛ ድልድይ አለ። ወገቧን የምትታመም እናት አርባ ደረጃ ወጥታ፣ አርባ ደረጃ ወርዳ፣ ዘንቢሏን ይዛ ስትሻገር እኔ ከሥሯ ሳላቆም አልፋለሁ። ይህ ነው መከባበር። እኔ በመኪና የተቀመጥኩት ደረጃ ልውጣ እንዴ?

«አዲስ አበባ ዳገት ናት፣ ለሳይክል አትሆንም» የሚለውን ክርክር እኔም ስጠቀምበት ኖሬአለሁ፤ ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ ለእሷ ይሁንላት እያልኩ። ከዚያ አንዱ ተነስቶ ገረመው ደንቦባ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን፣ በ1960 ደግሞ ሮም ድረስ ሄደው በኦሊምፒክ ሳይክል ለዚህች ዳገታም አገር አልተወዳደሩም ወይ ብሎ አፋጠጠኝ። ወሬ ቀየርኩ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» ተብሎ አንዳንድ እሑድ ጎዳና ሲዘጋ ልጆች ሳይክል ሲነዱ አይቻለሁ፤ ደስ ይላል፣ ፎቶም አንስቻለሁ። የስሙ ነገር ግን ግር ይለኛል። መንገዱ በዚያ እሑድ ለሰው ከሆነ ሰኞ ለማን ነው ብላ ልጄ ጠይቃኝ፣ የቤት ሥራሽን ሥሪ አልኳት።

ባለፈው ወር ቪትዟ ጋራዥ ገባች። አምስት ቀን በእግሬ ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ልጄን ይዤ ትምህርት ቤቷ ፊት ለፊት ዜብራው ጋ ቆምን። እጄን ዘረጋሁ። አንገቴን ሰበር አደረግሁ። አንዱ መብራት ብልጭ አደረገልኝ፤ ቋንቋውን ስለማውቅ የልጄን ክንድ ይዤ ወደ ኋላ ተፈናጠርኩ። «አባዬ፣ እለፉ እኮ ነው ያለን» አለችኝ። ደወሉ ተደወለ። እኛ እዚያው ነን።

በዚህ መካከል አናጢው ከየት እንደመጡ እንጃ፣ ሳይክላቸውን አግድም ዜብራው ላይ ገተሩት። መጋዙ ከኋላ ሁለት ክንድ ያህል ወጥቷል። አንድ መስመር ቆመ፤ ሁለተኛውም ቆመ። መጋዝ ድንጋይ አይደለም፤ ሆኖም ቀለም መቧጨሩን ሁሉም ሹፌር ያውቃል። ተሻገርን።

«መኪናዋን ምን አገኛት?» አሉኝ።

«ጋራዥ ገብታ ነው አባቴ። አምስት ቀን ትቆያለች።»

«አምስት ቀን ወይስ አምስት ደቂቃ?» ብለው ሳቁና ሄዱ።

ቅዳሜ ቪትዟን አወጣሁ። ሰኞ ጠዋት ቡና ቤቱ ስደርስ ቀለሙ ላይ ቦታ አልነበረም፤ የውሃ ቦቴው ተጋድሞበታል። በንዴት ሁለት ጊዜ ዞሬ ስመለስ ከአሸዋው ክምር አጠገብ አንዲት መኪና የምታህል ክፍተት አገኘሁና ገባሁ። ከኋላዬ የሳይክል ደወል ተደወለ። በመስተዋቱ አየኋቸው፤ ወርደው መጎተት ጀምረዋል። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ለአምስት ደቂቃ ነው ልላቸው ነበር፤ ሃዛርዱን ያበራሁ መሆኑን ሳስታውስ ተውኩት።