«ለስላሳ ምን?»

በዚህ ዘመን ሰውን «አገርህ ወዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ጣጣ አለው። ጠያቂው ለጨዋታ ያህል ቢያነሳውም ተጠያቂው ነገሩን ወደ ፖለቲካ ይወስደውና ጨዋታው ይበላሻል። እኔ ግን ማንንም የማያስቀይም ዘዴ አለኝ። ሰውየውን ካዛንቺስ ካሉት ካፌዎች ባንዱ በረንዳ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ አስተናጋጇን እጠራለሁ፣ ከዚያ ጆሮዬን አቁሜ የሚያዘውን አዳምጣለሁ። ሰው አገሩን ሊደብቅ ይችላል፤ በልጅነቱ የጠጣውን ለስላሳ ስም ግን አይደብቅም፤ ሳያስበው ያመልጠዋል።

የአዲስ አበባ ልጅ ከሆነ «ለስላሳ» ይልና ዝም ይላል። ያዘዘ ይመስለዋል። አስተናጋጇ «ለስላሳ ምን?» ስትለው ነው ማሰብ የሚጀምረው። «ምን ምን አለ?» ይላል። እሷም እንደ ዳዊት በቃሏ ትወርደዋለች፦ «ኮካ፣ ፋንታ፣ ስፕራይት፣ ቶኒክ፣ አምቦ፣ ማልት...»። አንዱም ሳይቀር ካዳመጠ በኋላ «ኮካ» ይላል። ድሮም ኮካ ሊል ነበር፤ ዝርዝሩን ያስጠራት ለክብሩ ነው።

ከጎንደር ወይም ከደሴ ወገን ከሆነ ብርቱካናማ ቀለም ያለው መጠጥ ሁሉ ለእሱ ሚሪንዳ ነው። የድሬዳዋ ሰው ደግሞ ያንኑ ፋንታ ይለዋል። ልዩነቱ የምላስ እንዳይመስላችሁ፤ የጠርሙስ ነው። የብርጭቆ ጠርሙስ ከባድ ነው፤ የሞላው ሳጥን ወገብ ይቆርጣል፣ ባዶው ደግሞ ተመልሶ፣ ታጥቦ እንደገና ካልተሞላ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ድሮ ለስላሳ ከተወለደበት ፋብሪካ ብዙ መራቅ አይወድም ነበር። ኮካ ኮላ አገራችን ውስጥ መሞላት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ፋብሪካ በ1965 ድሬዳዋ ተተከለ። ፔፕሲ በበኩሉ ሰሜኑን ያዘ። ፔፕሲን የሚሞላው ሞሃ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲቋቋም ከመንግሥት ከገዛቸው አራት የፔፕሲ ፋብሪካዎች ሁለቱ ጎንደርና ደሴ፣ ሁለቱ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ንፋስ ስልክና ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። እንግዲህ ሰሜኑ አፉን በሚሪንዳ ፈታ፣ ምሥራቁ በፋንታ።

አዲስ አበቤው በሁለቱም አፉን ስለፈታ አይፈረድበትም። እንዲያውም መጠጡን ሰፈር አድርጎታል። የታክሲ ረዳት «ኮካ! ኮካ!» እያለ ሲጣራ መንገደኛ የሚጠራ እንጂ መጠጥ የሚሸጥ እንዳልሆነ ለማወቅ ከተማው ውስጥ ትንሽ መክረም ያስፈልጋል።

ዘዴዬ በደንብ የተፈተነው በአንድ የጥምቀት ሰሞን ነው። አክስቴ ከጎንደር መጥታለች፤ የአጎቴ ልጅ ከዋሽንግተን መጥቷል፤ ቂርቆስ ጎረቤቴ የሆነው የድሬዳዋ ሰው ደግሞ ከየትም አልመጣም፣ ግን ግብዣ ሲሸተው ቤት አይቀመጥም። አራታችን ካዛንቺስ አንዱ ካፌ ገባን። የካፌው ፍሪጅ ቀይ ነው። ይህንን ልብ በሉ፤ ፍሪጁ ቀይ ከሆነ ቤቱ የኮካ ነው፣ ሰማያዊ ከሆነ የፔፕሲ። ፍሪጅ በነፃ የሰጠ ኩባንያ የተፎካካሪው ጠርሙስ እንዲተኛበት አይወድም።

አክስቴ ጀመረች። «አንች ልጅ፣ እስቲ አንድ ሚሪንዳ አምጭልኝ።»

አስተናጋጇ «እሺ እማማ» አለችና ፋንታ ይዛ መጣች። ሙያዋን የምታውቅ ልጅ ናት፤ «የለም» አላለችም፣ ተረጎመች። አክስቴ ቀመሰች። «ተባረኪ፣ የአዲስ አበባው ሚሪንዳም ለካ ደኅና ነው» አለች።

ጎረቤቴ ይህን ሊያልፈው አልቻለም። «እማማ፣ ይሄ እኮ ፋንታ ነው።»

«ምን?»

«ፋንታ። ይኸው ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል።»

«ልጄ፣ የምጠጣው ጽሑፉን ነው?»

«አቦ እማማ! ድሬ ላይ ፋንታን ሚሪንዳ ቢሉ ሕፃናት ይስቁብዎታል።»

አክስቴ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ስማ» አለችው፣ «ፋንታ ማለት ድርሻ ነው። ይህች ልጅ ፋንታዬን ሰጥታኛለች፣ እግዜር ይስጣት። ፋንታዬ ግን ሚሪንዳ ነው።»

ጎረቤቴ መልስ ፈልጎ አጣ። በፍርድ ቤት ቢሆን ይግባኝ የለውም።

ተራው ለዋሽንግተኑ ደረሰ። አገሩን ለቆ ብዙ ዘመን ቢቆይም አማርኛው አልጠፋም፣ የሚጠፋው ሲጠማው ብቻ ነው። «ለእኔ ሶዳ» አለ።

አስተናጋጇ ግራ ገባት። «የልብስ ነው የዳቦ?»

«አይ፣ የሚጠጣ... ሶፍት ድሪንክ።»

ፊቷ በራ። «እሺ!» ብላ ሄደችና ሶፍት ይዛ መጣች፤ ነጭ፣ ንጹሕ፣ የተጣጠፈ። አፉን የሚጠርግበት እንጂ የሚያርስበት አልነበረም። ልጅቷ ምን ታድርግ? ፈረንጅ «ሶፍት ድሪንክ» ያለውን እኛ ለሁለት ተካፍለነዋል፤ ትርጉሙን ለመጠጡ፣ ድምፁን ለወረቀቱ ሰጥተናል። አክስቴ ደግሞ ትርጉሙንም አትቀበልም። «አፍንጫ እየወጋ፣ ዕንባ እያስመጣ፣ ለስላሳ የሚሉት በምኑ ነው?» ትላለች። ለእሷ ለስላሳ ማለት ብርዝ ነው፤ ማር በውሃ ተበጥብጦ ጠጅ ሳይሆን የሚጠጣው። ብርዝ ሰውን አያስገሳም።

የዋሽንግተኑ ልጅ በሶፍቱ ግንባሩን ጠርጎ ስለ አሜሪካ ያወራን ጀመር። እዚያም ጉድ ነው አሉ። በምሥራቁ ዳርቻ ሶዳ፣ በመካከለኛው ምዕራብ ፖፕ ይባላል። በደቡቡ፣ በተለይ የኮካ ኮላ አገር በሆነችው በአትላንታ በኩል፣ ሁሉም ኮክ ነው፤ «ኮክ ስጠኝ» ያለውን ሰው «ምን ዓይነት ኮክ?» ይሉታል፣ እሱም ሳያፍር «ስፕራይት» ይላል። የሃርቫርድ የቋንቋ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ይህንኑ ጥያቄ በመላው አሜሪካ ጠይቀው በካርታ አስፍረውታል። ቦስተን አካባቢ ያሉ ሽማግሌዎች ደግሞ ሁሉንም ቶኒክ ይሉት ነበር። የስኮትላንዷ ግላስጎውማ ይብሳል፤ ኮካውንም ምኑንም ዝንጅብል ትለዋለች። ይህን ስሰማ አስተናጋጇን በአድናቆት አየኋት። ሃርቫርድ ስንት ሰው የጠየቀበትን ጥናት እሷ በየቀኑ ትሪ ተሸክማ ትሠራዋለች።

እኛም ብንሆን ከአትላንታ አንሻልም። አምቦ የከተማ ስም ነው፤ በንጉሡ ዘመን ሀገረ ሕይወት የምትባለው፣ ውሃዋ ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየታሸገ የሚሸጥላት ከተማ። ዛሬ ግን የትም ተቀድቶ ጋዝ የገባበት ውሃ አምቦ ነው። ጋዝ የሌለው ደግሞ ለብዙ ዘመን ሃይላንድ ሲባል ኖረ፤ ሃይላንድ አገራችን ውስጥ በፕላስቲክ ታሽገው ከተሸጡት ቀደምት ውሃዎች አንዱ ስለነበረ፣ ላስቲኩ ላይ የማንም ስም ቢጻፍ ሰው ሃይላንድ ከማለት አልተመለሰም። በክፍለ ሀገር መንገድ ሕፃናት መኪና ሲያዩ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ብለው የሚሮጡት ለውሃው አይደለም፣ ለባዶው ነው። ቂርቆስ ውስጥ ዘይት በሃይላንድ ይገዛል፣ አረቄ በሃይላንድ ይመጣል፣ ጠበልም ከቤተ ክርስቲያን በሃይላንድ ይቀዳል። ከሦስቱ የትኛው በየትኛው እንዳለ ማወቅ የባለቤቱ ኃላፊነት ነው።

ይኸው ፕላስቲክ ነው አሁን ዘዴዬን ሊያበላሽብኝ የተነሳው። ድሮ ከሰፈር ሱቅ ለስላሳ ለመውሰድ ባዶ ጠርሙስ ይዞ መሄድ ግዴታ ነበር። የኮካ ባዶ ይዞ ፔፕሲ የጠየቀ ልጅ ተሰድቦ ይመለሳል። ጠርሙስ ሃይማኖት ነበር ማለት ይቻላል። ፕላስቲኩ ግን ወደ ፋብሪካው ተመልሼ ልግባ አይልም፤ የጭነት መኪና ካገኘ ጎንደርም ሞያሌም ይሄዳል። ካዛንቺስም በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ብዙ ቦታው ሲፈርስ፣ ባዶ ጠርሙስ ቆጥረው የሚቀበሉት ባለ ሱቆች ከነሳጥናቸው በየአቅጣጫው ተበተኑ። ዛሬ የጎንደር ጎረምሳ ኮካ፣ የድሬው ሚሪንዳ ሲያዝ መስማት ብርቅ አይደለም። አንድ ትውልድ ካለፈ ሁሉም አዲስ አበቤ ሆኖ «ለስላሳ» ይልና ዝም ይላል።

እስከዚያው ግን ያለንን እንጠጣ ብለን ጠጣን። የዋሽንግተኑ ልጅ በመጨረሻ ስፕራይት ደረሰው፤ ጎረቤቴ «ቀዝቃዛ ፋንታ» ብሎ ቃሉን ጠበቅ አድርጎ አዘዘ፤ እኔም ዝርዝሩን አስጠርቼ ካበቃሁ በኋላ ኮካ አልኩ። ሒሳብ ሲጠራ ሦስቱም «በሞቴ፣ እኔ ልክፈል!» እያሉ ደረሰኙን ከአስተናጋጇ እጅ ለመንጠቅ ተጋፉ። በመሐል አንገቴን አስግጌ አነበብኩት። ሚሪንዳ የለም፣ ፋንታ የለም፣ ሶዳም የለም። «ለስላሳ፣ 4» ይላል፤ ከሥሩ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ። ገቢዎች ዘንድ ዘዬ የለም።