ሰዓሊው ያልታወቀ

11 ዓመት የተቀመጥኩበትን ጥግ ለሥዕል ሰጡብኝ። ያቺን ከመስኮቱ ሥር ያለችውን፣ የጠዋት ፀሐይ የምታገኛትን፣ ጀርባዬን ከነፋስ የምትጋርድልኝን። ቅዳሜ ጠዋት ማኪያቶዬን ልጠጣ ስገባ ወንበሯም ጠረጴዛዋም የሉም። በቦታቸው ባለሦስት እግር እንጨት ቆሟል፤ እንጨቱ ላይ አንድ ዓይን ብቻ ያላት ሴት ተቀምጣ ታፈጥብኛለች።

«አባባ፣ ዛሬ ኤግዚቢሽን አለ፤ ከወዲያ ይቀመጡልን» አለችኝ አስተናጋጇ። ከወዲያ ማለት የመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ማለት ነው።

ካፌው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው ያለው። ባለቤቱን ሱሪ ሳይታጠቅ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ አልዋሽም። የሰፈሩ ወጣቶች የሣሉትን ሰብስቦ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ፣ በሐራጅ ሸጦ፣ ገንዘቡን ለኩላሊት ሕመምተኞች እጥበት ሊሰጥ ነው። በሳምንት 3 ቀን፣ በየቀኑ 4 ሰዓት ያህል ከማሽን ጋር ታስሮ መዋል ምን እንደሆነ የእድራችን ጸሐፊ ልጅ ታማ አይቼዋለሁ። ቤተሰቡ መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን ሸጠ፤ ቀጥሎ ፍሪጁን፤ ቀጥሎ የሚሸጥ ሲጠፋ ከ3ቱ ቀን አንዱን ቀነሰ። ንቅለ ተከላው ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ግን ኩላሊቱን የሚሰጥ ሰው መገኘት አለበት፤ እስኪገኝ እጥበቱ አይቆምም። ስለዚህ በዓላማው ላይ አፌን አልከፍትም። እኔ የምናገረው ስለ ወንበሬ ነው።

ደግሞ ስለ ሴትዮዋ። ሰዓሊዋን አስጠራኋት፤ ጸጉሯን አረንጓዴ የቀባች ልጅ መጣች።

«ልጄ፣ ሁለተኛው ዓይኗ የት ሄደ?»

«ወደ ውስጥ እያየ ነው፣ ፋዘር።»

ፋዘር! አባባ ማለት ምን ጎድሎት ነው? ይሁን። እኔ ያደግኩት የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እያየሁ ነው። በአባቶቻችን ሥዕል ጻድቅ ሁለት ዓይኑን ከፍቶ ፊት ለፊት ያይሃል። በጎኑ ዞሮ አንድ ዓይን ብቻ የሚያሳይህ ወይ ሰይጣን ነው ወይ ይሁዳ ነው። የዐድዋን ሥዕል ተመልከቱ፤ የእኛ ሰው ባለሁለት ዓይን፣ ጣሊያኑ ባለአንድ ዓይን። ይህን ስነግራት ስልኳን አውጥታ ቀዳችኝ። ድምፁ አልተሰማም ብላ ደግሞ አስደገመችኝ። ሁለት ጊዜ አስተምሬ አንድ ማኪያቶ የጋበዘኝ የለም።

ሽማግሌው ሥዕል አይገባውም የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔ 34 ዓመት ታፔላ የጻፍኩ ሰው ነኝ። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ አለ ፈለገ ሰላም ያን ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. ሲመሠርቱ እኔ ሰላሌ ከብት እጠብቅ ነበር። ሥራውን የለመድኩት አሮጌ ቆርቆሮ በብርጭቆ ወረቀት እየፈተግኩ፣ ቀለም በአኳራጅ እያቀጠንኩ፣ ጠመኔ በነካ ክር መሥመር እየመታሁ ነው። ፀጉር አስተካካይ፣ ልብስ ስፌት፣ ጠጅ ቤት፣ የጥርስ ሐኪም፣ ሁሉም በእጄ አልፏል። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር አብዮት አደባባይ ላይ ከተሰቀሉት የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ምስሎች የኤንግልስን ጢም ከቀቡት አንዱ ነኝ። ጢሙ ብቻ ከቤቴ ጓዳ ይሰፋ ነበር። ኋላ ባነር የሚባል በማሽን የሚታተም ላስቲክ መጣና ብሩሼን አሰቀለኝ።

ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ተመልሶ አዲስ ዓይነት ሥዕሉን ሲያሳይም ግራ የተጋባው ብዙ ነበር ይባላል፤ ዛሬ ስድስት ኪሎ በስሙ ሙዚየም አለው። የአረንጓዴ ጸጉሯም ልጅ አንድ ቀን ሙዚየም ይከፈትላት ይሆናል። ያን ጊዜ እኔ ስለማልኖር ቅሬታዬን አሁን ማስመዝገቤ ነው።

የገንዘብ አሰባሰቡስ? በእኛ ጊዜ መዋጮ ማለት ስም መጠራት ነበር። «እገሌ 50 ብር!» ይባላል፣ ሴቶች እልል ይላሉ፣ 20 ልትሰጥ የመጣህ ሰውዬ አንገትህን ደፍተህ 60 ትላለህ። ቶምቦላም ነበር። በሕይወቴ የደረሰኝ አንድ ፔርሙዝ ነው፤ ያውም ክዳኑ ለሌላ ሰው ደርሶ ይሁን ምን ይሁን አላውቅም፣ አልነበረውም። አሁን በሩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የሞላበት ወረቀት ለጥፈዋል። 200 ብሬን ዘርግቼ ልጁ ፊት ቆምኩ። «ካሽ አንይዝም አባባ፣ ስካን ያድርጉት» አለኝ። ስልኬ ባትሪው በላስቲክ የታሰረ ነው፤ ምኑን ስካን ያደርጋል? ለምጽዋት ያወጣሁት ብር የሚቀበለኝ አጥቶ ወደ ኪሴ ተመለሰ። ለማኝ ሲያጣ እንጂ ሰጪ ሲያጣ አይቼ አላውቅም።

እንዲህ እየተበሳጨሁ ዞር ስል በቡና ማሽኑ ጎን ባለው ግድግዳ ላይ በሬ አየሁ።

ቀይ በሬ ነው፤ ዝገት የበላው ቆርቆሮ ላይ። ሻኛው ትልቅ፣ ዓይኑ ትልቅ፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ያሉ። አንድ ቀንድ ብቻ ነው ያለው። ከሥሩ በተለጠፈች ወረቀት እንዲህ ተጽፏል፦ «የከተማ ሕዝባዊ ሥነ ጥበብ፣ 1970ዎቹ፣ ሰዓሊው ያልታወቀ።»

ያልታወቀው እኔ ነኝ። ከወረቀቷ ሁለት ክንድ ርቄ መጸዳጃ ቤት በር ላይ ተቀምጬላቸዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1974 ዓ.ም. እዚሁ ሰፈር አንድ ባለልኳንዳ ታፔላ አዘዘኝ። በ40 ብር ተስማማን፤ 25 ቀብድ ሰጠኝ። ሥራው ሊያልቅ አንድ ቀንድ ሲቀረው ዐቢይ ጾም ገባ። «ሥጋ አይሸጥ፣ ገንዘብ ከየት ላምጣ? ቀሪውን ለፋሲካ» አለኝ። እኔም «እንግዲያው ቀንዱም ለፋሲካ» አልኩት። ፋሲካ መጣ፤ ገንዘቡ አልመጣም። ሰውዬው በሬውን እንዳለ ሰቀለው፤ «የሚበላው ሥጋው ነው፣ ቀንዱ አይደለም» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ቤቱ ባለአንድ ቀንዱ ልኳንዳ ተብሎ ቀረ። ሰው ከሩቅ እየጠየቀ ይመጣ ነበር፤ ገበያው የደራው በእኔ ኩርፊያ ነው። መንገዱ ሲሰፋ ቤቱ ሲፈርስ ታፔላውን ቁራሌው ወሰደው፤ ወጣቶቹ ከቁራሌው በ300 ብር ገዙት።

ይህን ሁሉ ሳልናገር፣ መነጽር ያደረገ አንድ ልጅ ተነሥቶ ለእንግዶቹ በሬውን ያብራራ ጀመር። «ሰዓሊው ሁለተኛውን ቀንድ ሆን ብሎ ትቶታል፤ ቀንድ ኃይል ነው፤ በዚያ ዘመን ሕዝቡ የተነፈገውን ነጻነት ሊያሳየን ነው» አለ።

«15 ብር ነው የተነፈገው!» ብዬ ጮኽኩ።

ቤቱ ፀጥ አለ። በሬው የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው። ልጆቹ ለሽማግሌ የሚፈገገውን ፈገግታ ፈገግ አሉልኝ። «እሺ አባባ፣ ውኃ ይምጣልዎት?» አለኝ ባለመነጽሩ። ኧረ አገላብጡት! ተገልብጦ ካልታየ ከዚህ አልነሣም አልኩ። ባለካፌው፣ እግዜር ይስጠው፣ መሰላል አምጥቶ አወረደው። ከጀርባው በዝገቱ መሐል በቀይ ቀለም፣ በእጅ ጽሑፌ፣ «ቀሪ 15 ብር አለበት» ይላል። «ለ»ን የምጽፍበትን አጣጣል ፈረንሳይ ለጋሲዮን የማያውቅ አሮጌ ሰው የለም፤ የእድሩ ጸሐፊ «የሱ ነው፣ እኔ እመሰክራለሁ» ብሎ ተነሣ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጭብጨባና ፎቶ እዘለዋለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ በቀኑ ውስጥ ጥሩ ወንበር ሰጡኝ።

ሐራጁ ተጀመረ። የበሬው መነሻ ዋጋ 5,000 ብር ነበር፤ ሰዓሊው በሕይወት አለ በሚል 8,000 ተደረገ። እኔ የምሰማው ሰዓሊ ሲሞት ነው የሚወደደው ሲባል ነው፤ ታፔላ ጸሐፊ ላይ ሲደርስ ተገላቢጦሽ ሆነ። 12,000 አለ አንዱ። 20,000 አለ ሌላው። አንገቴን እንደ ዶሮ ወዲህና ወዲያ ሳዞር 31,000 ላይ ቆመ፤ ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጣች የሰፈራችን ልጅ ወሰደችው። 34 ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ገንዘብ በአንድ ቀን ከእጄ ገብቶ አያውቅም፤ አሁንም አልገባም። የእድሩ ጸሐፊ አጠገቤ ተቀምጦ ገንዘቡ ስንት እጥበት እንደሚሆን በጣቱ ሲቆጥር አየሁት። ሁለቱ እጁ አልበቃው ብሎ እንደገና ከአውራ ጣቱ ጀመረ። አላናገርኩትም።

ባለአንድ ዓይኗ ሴት 9,000 ብር ወጣች። ከበሬዬ በ22,000 ብር አነሰች፤ ሌላው ዓይን ቢጨመርላት ኖሮ ብዬ አሰብኩ እንጂ ለልጅቷ አልተናገርኩም።

ከበሬው ሥር ያለችውን ወረቀት ጽሑፍም አስቀየርኩ። ስሜ በሙሉ፣ ከነአያቴ፣ በትልቁ። ባለመነጽሩ ልጅ ግን አሁንም «ነጻነት» የሚለውን አልተወም።

ሰኞ ጠዋት ስሄድ ወንበሬ ወደ ቦታዋ ተመልሳለች፤ ትንሽ ትንቃቃለች።

አሁን በሬውን ለገዛሽው ልጅ አንድ ቃል አለኝ። ሻንጣ ውስጥ ከመክተትሽ በፊት ቤቴ አምጪውና ቀንዱን ልጨርሰው። ባለመነጽሩ «ከተጨረሰ ዋጋው ይወርዳል» ብሎ እንደሚያስፈራራሽ አውቃለሁ፤ አትስሚው። ባለልኳንዳው ቢሞትም የ15 ብሩን ዕዳ ምሬዋለሁ፤ ያን 200 ብሬን ደግሞ ካሽ የሚቀበል ካገኘሁ ለኩላሊቱ አስገባዋለሁ። ቀይ ቀለም አለኝ። ለቀንዱ የሚሆነው ነጭ ግን ጣሳው ውስጥ ደርቋል፤ ስትመጪ አንድ ትንሽ ጣሳ ይዘሽ ነይ።