ቅርስ ለመጎብኘት ቪዛ ያስፈልጋል

የአዲስ አበባን ታሪክ ለሕዝብ በማስተማር ረገድ የኤምባሲዎችን የቆንስላ ክፍል የሚያህል ተቋም የለም። ዕድሜውን ሙሉ በስድስት ኪሎ በታክሲ ሲመላለስ አንገቱን አዙሮ የማያውቅ ሰው፣ ቪዛ በተመታለት ማግስት የታሪክ ፍቅር ያድርበታል። ሻንጣ ይገዛል፣ በርበሬና ሽሮ ያስፈጫል፣ ዘመድ ይሰናበታል፤ በመጨረሻ በተረፈችው ቅዳሜ ደግሞ «እስቲ ከመሄዴ በፊት ያላየሁትን አዲስ አበባ ልየው» ብሎ ይነሣል። እንዲህ ያለ በጎ ልማድ ሊበረታታ እንጂ ሊነቀፍ አይገባም። ሕዝቡ ቅርሱን እንዲያውቅ ከተፈለገ ሙዚየም ማስፋፋትም ሆነ ተማሪ ማስጎብኘት አያስፈልግም፤ ለነዋሪው ሁሉ ቪዛ ማደል ይበቃል። አውሮፕላኑ ቢቀር ግድ የለም።

የስንብት ጉብኝቱ ዝርዝር ያስቀናል። በዓታ ለማርያም ይኬዳል፤ በቤተ ክርስቲያኑ ወለል ላይ ያለው በር ተከፍቶ ወደ ምድር ቤቱ ሲወረድ ዳግማዊ ምኒልክ፣ እቴጌ ጣይቱና ንግሥት ዘውዲቱ ያረፉበት የእብነ በረድ መቃብር ይገኛል። ከተማዋን የቆረቆሩት ባልና ሚስት ከአራት ኪሎ በእግር በሚደረስበት ቦታ ተኝተው ሳለ፣ ነዋሪው የሚጠይቃቸው ሊሰናበታቸው ሲል ነው። ቀጥሎ ስድስት ኪሎ፣ የድሮው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የዛሬው የብሔረሰብ ሙዚየም። እዚያ በጃንሆይ መልበሻ ክፍል ውስጥ ያለው መስተዋት የጥይት ቀዳዳ አለው፤ የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የተወው ጠባሳ ነው። ደጅ ላይ ደግሞ ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። ፋሽስቶች ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ለተቆጠረው ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን እየጨመሩ የሠሩት ነው፤ ዛሬ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ከዚህ የበለጠ ሽሙጥ በሲሚንቶ ተጽፎ አያውቅም። መንገደኛችን ታዲያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ፎቶ ይነሣል፤ ብርሃኑ ጥሩ ነው። ፎቶው ዋሽንግተን ሲደርስ ለሥራ ባልደረባ ስለ ሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል።

«ከነጭራሹ ካለማየት ዘግይቶም ቢሆን ማየት አይሻልም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ለተመልካቹ ይሻለዋል። ለሚታየው ቤት ግን፣ ታሞ ሳለ ያልጠየቀው ዘመድ ለቅሶ ላይ ደረቱን ሲመታ ለሟች የሚሰጠውን ያህል ጥቅም ነው የሚሰጠው። የከተማ ቅርስ በሕይወት የሚቆየው ግንቡ ሲሰነጠቅ፣ ጣራው ሲያፈስ፣ በሩ በቆርቆሮ ሲታጠር «ምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት ሲኖረው ነው። የስንብት ጎብኚው ይህን ሊጠይቅ አይችልም፤ በሳምንቱ አየር ላይ ነው። ዕውቀቱንም በስልኩ ይዞት ወጥቷል። የጣይቱ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ሲቃጠል፣ የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ፣ ማኅበራዊ ሚዲያው በትዝታ ተጥለቀለቀ። ትዝታው እሳቱም ቁፋሮውም ካለፈ በኋላ ነው የደረሰው። በሰዓቱ የሚደርስ ትዝታ እስካሁን አልተፈበረከም።

ጠንከር ያለው መከራከሪያ የኑሮው ነው። የቤት ኪራይ፣ የትራንስፖርት ሰልፍ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ያንገላታው ሰው ለሙዚየም ምን ጊዜ አለው? እውነት ነው፤ ሌሊት ወጥቶ ማታ የሚገባን የቀን ሠራተኛ በዚህ የሚወቅስ ግፈኛ ነው። ይሁንና ነገሩ የጊዜና የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉብኝቱ የሚሰረዘው በመሄጃው ወር ነበር። የአየር ትኬት፣ የሕክምና ምርመራ፣ ሻንጣ፣ የስንብት ግብዣ፤ ኪስም ቀንም እንደዚያ ወር የሚራቆትበት ጊዜ የለም። በዚያ ወር የተገኘች ቅዳሜ ቀደም ባሉት ዓመታት ያልተገኘችው፣ ቅርሱ በየቀኑ ስለሚኖር አይቶ መጨረስ እንደማያስፈልግ ታምኖ ስለቆየ ነው። የመስቀል አደባባይን ተመልከቱ። እዚያ ያለው የአዲስ አበባ ሙዚየም የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል መኖሪያ በነበረው ቤት ውስጥ ነው፤ በየዓመቱ ለደመራ የሚወጣው ሕዝብ ደረጃው ላይ ቆሞ እሳቱን የሚያየው ለዚህ ቤት ጀርባውን ሰጥቶ ነው። ክፋት የለበትም፤ ደመራው ፊት ለፊት ነው። በማግስቱ ግን የሚዞርም የለም።

«ሰው ስለጎበኘ ግሬደር ይቆማል?» ለሚለው፣ ጉብኝት ብቻውን አያቆመውም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ማደስ እንኳ ይከለክላል፤ ማፍረሱማ አይነሣ። ግን አዋጅ በራሱ እግር ወደ ሰፈር አይወርድም። «ይህ ቤት መዝገብ ውስጥ አለ» ብሎ የሚናገር ሰው ይፈልጋል፤ ያንን ለመናገር ደግሞ ቤቱን ቀድሞ ማወቅ ግድ ነው። ሸጎሌ የሚኖር ሰው የሰፈሩ ስም ከቤኒሻንጉሉ ገዥ ከሼህ ሆጀሌ እንደመጣ ሳያውቅ፣ ቤታቸው ምን እንደሆነ ሊጠይቅ አይችልም። ባለቪዛው ቢያውቅ ደግሞ የሚሟገትበት ቀን የለውም።

ስለዚህ የሚሄደውን በሰላም ግባ ብለን እንሸኘው፤ ፎቶውንም ይውሰድ። ነገሩ የሚመለከተው የምንቀረውን ነው። የከተማዋ የባህል ቢሮ የመዘገባቸው ቅርሶች አሉት። በሚቀጥለው ሳምንት ጎራ በሉና በሰፈራችሁ የትኛው ቤት እንደተመዘገበ ጠይቁ። ከዚያም ሄዳችሁ መቆሙን አረጋግጡ።