ሦስት ከመቶ፣ በስመ ሥላሴ

አንኮበር የቤተ መንግሥቱ ጉብታ ላይ ቆሞ ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ የሚመለከት ሰው፣ ከጋራ ገንዘቦች ሁሉ በሥርዓት የተመራው የትኛው እንደነበረ ለማወቅ የዩሮ ማዕከላዊ ባንክ ያለበት ፍራንክፈርት ድረስ መሄድ የለበትም። ጠገራ ብር ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ውል ሊያስፈርም አንኮበር ሲወጣ፣ የቆላና የደጋ ነጋዴ በሚገናኝበት በአልዩ አምባ ገበያ የሚታወቀው ብር የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ነው። ያው ብር ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ቡና ይገዛል፣ ሱዳንም ይዘልቃል። ተካፋዮቹ አገሮች ስለ በጀት ጉድለት ተሰብስበው አያውቁም፤ የጋራ መግለጫም አላወጡም።

ምስጢሩ ገዥዋ ሟች መሆኗ ነው። ንግሥቲቱ ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ 1780 ይላል። የትኛውም የገንዘብ ሚኒስትር «እመቤቴ፣ ዘንድሮ ምርጫ አለብን፣ ትንሽ ይጨመርልን» ብሎ ደጅ ሊጠናት አይችልም። ቁጥጥሩም ቢሆን ለባለሙያ አልተተወም። ሻጩ ብሩን ይቀበልና የዘውዷን ፈርጥ፣ የትከሻዋን ጌጥ ነጠብጣብ አንድ ባንድ ያያል፤ ደብዝዞ ካገኘው አልቀበልም ይላል። የዛሬ ኦዲተር ጉድለት ሲያገኝ ሪፖርት ጽፎ ለምክር ቤት ያቀርባል፣ ምክር ቤቱም በጥሞና ያዳምጣል። የያኔው ብሩን ወደ ባለቤቱ ይመልሰው ነበር፤ ነገሩም እዚያው ያልቃል።

የዝርዝሩ ጉዳይማ ከዚህም የረቀቀ ነው። ዝርዝሩ አሞሌ ጨው ነበር። የአንኮበርን ጉምና ክረምት የሚያውቅ ሰው አሞሌ ሐምሌ ላይ ምን እንደሚሆን ይገባዋል። ዛሬ የገንዘብ ፖሊሲ ኮሚቴ ተቀምጦ «የገንዘብ አቅርቦቱን እናጥብብ» ሲል የሚውለውን ሥራ ያኔ ዝናቡ በነጻ ይሠራው ነበር፤ የባሰበት ደግሞ ገንዘቡን ይልሰዋል። (ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1935 ለወረራዋ ስንቅ የንግሥቲቱን ማኅተም ከቪየና ወስዳ ሮም ላይ መምታት ጀመረች፤ ሎንደን፣ ፓሪስና ብራስልስም ተከተሉ። ሬሳዋን እንኳ ሥራ ማስፈታት አልተቻለም።)

በሕይወት ያሉ ሰዎች አንድ ገንዘብ እንካፈል ሲሉ ግን ደንብ ያስፈልጋቸዋል፤ የሞተ ሰው አያምኑምና። የአውሮፓውያኑ ደንብ ከአንዲት ቁጥር ይጀምራል፦ የመንግሥት የበጀት ጉድለት ከጠቅላላ የሀገር ውስጥ ምርት ከ3 ከመቶ አይለፍ። ይህች ቁጥር ከብዙ ጥናትና ምርምር የወጣች ይመስላል። የሆነው ግን እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ፍራንሷ ሚተራን ሥልጣን በያዙ ማግስት ሚኒስትሮቻቸው ገንዘብ አምጡ እያሉ መቆሚያ መቀመጫ አሳጧቸው። «እምቢ» ለማለት የሚያግዝ አንድ ቁጥር ይፈለግ ተባለና የበጀት መሥሪያ ቤቱ ታዘዘ። ጊ አቤይ የተባለ ወጣት ባለሙያና አንድ ባልደረባው ተቀምጠው 3 ከመቶን አፈለቁ። አቤይ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለጋዜጠኞች ሲያወጋ ከጀርባዋ ምንም ንድፈ ሐሳብ እንዳልነበረ አልደበቀም፤ ሦስት ጠንካራ ቁጥር ነው፣ ሥላሴንም ያስታውሳል ነው ያለው።

ደብረ ብርሃን ሥላሴን እየተሳለመ ላደገ ሰው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገውም። እኛ እህል የምንቀምሰው፣ ጉዞ የምንጀምረው፣ ኑዛዜ የምንጽፈው በስመ ሥላሴ ነው። ፈረንጅ በጀቱን በስመ ሥላሴ ቢዘጋ ምን ያስገርማል? የሚያስገርመው ሃይማኖቱ ሲመጣ ጾሙን ትቶት መምጣቱ ነው።

ጾሙን አጥብቃ የጠየቀችው ጀርመን ነበረች። «ደቡቦቹ ገንዘብ አያያዝ አያውቁም፣ ቅጣት ያለበት ውል ይታሰርልን» ብላ እ.ኤ.አ. በ1997 የመረጋጋትና የዕድገት ስምምነት የሚባለውን አስጸደቀች። ውሉ መጀመሪያ የያዘው ትንሿን ፖርቱጋልን ነው፤ እሷም እሺ ብላ መቀነቷን አጠበቀች። ቀጥሎ ጀርመን ራሷ ሦስትን አለፈች፣ ፈረንሳይም አብራት አለፈች። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2003 የአባል አገሮቹ የገንዘብ ሚኒስትሮች ተሰበሰቡና በሁለቱ ላይ የተጀመረው የቅጣት ሂደት ባለበት ይቁም አሉ። ግሪክ ደግሞ በበኩሏ ጾሙን በወረቀት ጾመች፦ እ.ኤ.አ. በ2009 ጉድለቷ 3.7 ከመቶ ይሆናል ተብሎ ሲጠበቅ 12 አለፈ ተባለ፣ ቆይቶ ሲጣራ 15 ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2016 የስፔንና የፖርቱጋል ጥፋት በይፋ ተረጋግጦ ቅጣት ተወሰነባቸው። የቅጣቱ መጠን ዜሮ ዩሮ ነው። ቀልድ አይደለም፤ ዜሮ ተብሎ ተጽፎ ጸድቋል። በዚያው ዓመት የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዝዳንት ዣን ክሎድ ዩንከር ፈረንሳይ ለምን በየጊዜው እንደምትታለፍ ሲጠየቁ፣ ፈረንሳይ ስለሆነች ነዋ አሉ። እኛ ሰፈር ዕድር ቢሆን የቀረ ይቀጣል፤ ባለ አምስት ፎቁ ሰውዬ ቀብር ላይ ሳይገኝ ቢቀር «እሱ እኮ እሱ ነው» ብሎ የሚያሳልፍ ዳኛ በማግስቱ ዳኝነቱ የለም። አውሮፓ ግን ሥልጣኔ ነው።

ሦስትን በእውነት የሚያከብር ሰው ማየት የፈለገ ሰሜን ሸዋ ይምጣ። እዚህ አንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት የፕሪንተር ቀለም ሲያልቅበት የሚሆነውን ልንገራችሁ። ፀሐፊው ጥያቄውን በሞዴል 20 ይሞላል። ከዚያ ግዥ ክፍል በስመ ሥላሴ ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ ይባላል፤ ሁለት ቢያመጣ አይሆንም፣ አራት ቢያመጣ ሰው ይጠራጠረዋል። ፀሐፊው የከተማውን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች ይዞራል። አንደኛው ባለሱቅ ደግ ሰው ነው፦ የራሱን ፕሮፎርማ ይጽፋል፣ ከመሳቢያው የወንድሙን ሱቅ ማኅተም ያወጣና ሁለተኛውን ይጽፋል፣ የአማቱን ማኅተም ያወጣና ሦስተኛውን ይጽፋል። ሦስቱም በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሕፈት፣ አንዱ ከሌላው ሃምሳ ሃምሳ ብር እየበለጠ። ኮሚቴው ተቀምጦ ሦስቱን ካነጻጸረ በኋላ አነስተኛ ዋጋ ያቀረበውን አሸናፊ ይላል፤ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ቀለሙ የሚደርሰው ሰኔ 30 በጀት ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው፤ ያኔ ደግሞ የሚታተመው ደብዳቤ ቀኑ አልፎበታል። ግሪክ ከዚህ የተለየ ምን አደረገች? እሷ ብራስልስን ነው ያታለለችው፤ የእኛ ፀሐፊ ግን ቢያዝ ዜሮ ብር አይቀጣም፣ ከደመወዙ ይቆረጣል።

በነገራችን ላይ እኛም ውስጥ ለውስጥ የገንዘብ ኅብረት ነን። ክልሎቻችን አንድ ብር ይካፈላሉ፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መሠረት ገንዘብ የሚያትመውም፣ ክልል ከአገር ውስጥ እንዴት እንደሚበደር የሚወስነውም ፌዴራል መንግሥቱ ነው። ድጎማው በፌዴሬሽን ምክር ቤት ቀመር ይወርዳል። የወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ጉድለት የሚባል ነገር አያውቅም፤ ገንዘቡ ሲያልቅ አለቀ ነው፣ መምህሩም ይጠብቃል። ጉድለት ማለት ብሔራዊ ባንክን «አበድረኝ» ማለት ለሚችል ብቻ የተሰጠ ማዕረግ ነው።

በእርግጥ የአውሮፓን ደንብ እያነሳሁ የምቀልደው የእኛው ታሪክ ከእነሱ ስለሚያንስ አይደለም። እኛ ከእነሱ ቀድመን፣ ያለ ምንም ደንብ፣ ሁለት ሉዓላዊ አገሮች ሆነን አንድ ገንዘብ ይዘን ኖረናል። ኤርትራ ግንቦት 16 ቀን 1985 ዓ.ም. ነጻነቷን ካወጀች ጀምሮ እስከ 1990 ዓ.ም. መግቢያ ድረስ አሥመራም አዲስ አበባም መገበያያው ብር ነበር። 3 ከመቶ የጉድለት ጣሪያ የለ፣ 60 ከመቶ የዕዳ ጣሪያ የለ። ፖሊሲያችንን እናጣጥማለን የሚሉ ስምምነቶች ተፈርመዋል፣ የጋራ ኮሚቴዎች ተቋቁመዋል። ብሩ የሚታተመው በአንደኛው ብሔራዊ ባንክ፣ የሚወጣው በሁለት ግምጃ ቤት ነው። ሌላኛው ስንት ያወጣል፣ ስንት ይበደራል፣ ቢለያዩ ብሩ የማን ይሆናል የሚለውን የጠየቀ ቢኖር የትግል ጓዶችን ፍቅር የሚጠራጠር ክፉ ሰው ተብሎ ያፍር ነበር። ጫካ አብሮ ያደረ ሰው ሒሳብ ይጠይቃል እንዴ?

ያ ፍቅር በዓይን የሚታየው በእኛ መንገድ ላይ ነበር። ከአዲስ አበባ የተነሳ ተሳቢ ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ሻይ ይጠጣል፣ ጣርማበርን በዋሻው ሾልኮ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ቆሎ ሻጮቹ ገና ሳይቆም ይንጠላጠሉበታል። ሾፌሩ ከኪሱ ያወጣው ብር ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝቶ፣ የተረፈው አሰብ ላይ ዓሣ ያበላዋል። ወሰን ያቋርጣል፣ ገንዘብ አይመነዝርም። ፈረንጆች ዩሮን በእጃቸው ለመያዝ እስከ እ.ኤ.አ. 2002 መጠበቅ ነበረባቸው፤ የእኛ ሾፌር ከእነሱ ዘጠኝ ዓመት ቀድሟል።

ከዚያ ኤርትራ የራሷን ገንዘብ፣ ናቅፋን፣ አወጣች። የእሷ ሐሳብ ናቅፋና ብር አንድ ለአንድ ይሁኑ፣ ሁለቱም በሁለቱም አገር ይሥሩ የሚል ነበር፤ ማለትም ባልና ሚስት ከተፋቱ በኋላም ቦርሳው ክፍት ይሁን። ኢትዮጵያ በበኩሏ የራሷን ኖቶች ቀየረችና ከድንበር ነዋሪዎች ጥቃቅን ንግድ በስተቀር፣ ከ2000 ብር በላይ የሆነው ሁሉ በኤልሲ (በባንክ የመተማመኛ ሰነድ)፣ በዶላር ይሁን አለች። ትናንት ሒሳብ መጠየቅ ነውር የነበረበት ቤት ዛሬ ለጤፍና ለጨው ኤልሲ ተከፈተበት። ስድስት ወር ሳይሞላው፣ በሚያዝያ 1990 ዓ.ም. ማብቂያ፣ ባድመ ላይ ተኩስ ተከፈተ። ጦርነቱን ያመጣው ገንዘብ ብቻ ነው የሚል ሞኝ የለም፤ ያለቁት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ግን ሒሳቡን በዝርዝር ያልጻፉት ሰዎች አልነበሩም። የአሰብ ተሳቢም ከደብረ ሲና ጠፋ።

ከስህተት የማይማር ሕዝብ አለ የሚሉን አያውቁንም፤ እኛ ስህተቱን በቃላችን ይዘነዋል። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ድንበሩ በእንባና በእልልታ ሲከፈት፣ ዛላምበሳ ላይ ብርና ናቅፋ በመንገድ ዳር ተገናኙ። ጉምሩክ የለ፣ የምንዛሪ ተመን የለ፣ የንግድ ውል የለ። ዋጋውን የሚተምነው እዚያው መንገድ ዳር የቆመው ሰው ነበር። ውሉ በኋላ ይደርሳል ተባለ፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ የደረሰው የድንበሩ መዘጋት ነው።

ጎረቤቶቻችን ደግሞ ሦስትን ከአውሮፓ ገዝተዋል። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ2013 ካምፓላ ላይ የገንዘብ ኅብረት ውል ሲፈርም የጉድለቱ ጣሪያ 3 ከመቶ ሆነ፤ የአንድ ሰሞን የፓሪስ ቁጥር ናይሮቢና ዳሬሰላም ገባ። የጋራ ገንዘቡ ለእ.ኤ.አ. 2024 ታቅዶ ነበር፤ ወደ 2031 ተሸጋገረ። ምዕራብ አፍሪካም «ኢኮ» የተባለውን ገንዘብ ከእ.ኤ.አ. 2003 ጀምሮ እየቀጠረ ነው፤ የእነሱም የጉድለት ጣሪያ 3 ነው። ኢትዮጵያ በሁለቱም የለችበትም። የራስን ገንዘብ የመያዝ ጥቅም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ታይቷል፦ 57 ብር ሆኖ ያደረው ዶላር ጧት 74 ሲገባ ያስፈቀድነው ጎረቤት አልነበረም። ምጽዋ ያለ ዓሣ ሻጭ አብሮን ቢሆን ኖሮ የዓሣው ዋጋ በእኛ ሰኞ ጧት ይወሰንለት ነበር፤ ያኔ ወንድማማችነት ይታይ ነበር።

ስለዚህ ቀን ወጥቶ ከማንኛውም ጎረቤት ጋር ዳግም አንድ ቦርሳ እንያዝ የሚባል ከሆነ ረቂቁን አዘጋጅቻለሁ፤ ሹማምንቱ እንዳይደክሙ። ተዋዋዮቹ ወንድማማቾች መሆናቸውን በመግቢያው ሦስት ጊዜ ይገልጻሉ። ጉድለት ከ3 ከመቶ አያልፍም፤ ያለፈው ወገን ትንሽ ከሆነ ይመከራል፣ ይገሠጻል፣ ዕርዳታ ይያዝበታል፤ ትልቅ ከሆነ ትልቅ ስለሆነ ይታለፋል። አሃዛዊ መረጃ በየዓመቱ ይቀርባል፣ በአንድ እጅ የተጻፈ መሆኑ ብቻውን ውድቅ አያደርገውም። ጥፋቱ በሁለቱ ፓርላማዎች ከተረጋገጠ ቅጣቱ ዜሮ ብር ነው፤ ዜሮው በናቅፋ ይከፈል ወይስ በዶላር የሚለውን የጋራ ኮሚቴው አበል ተከፍሎት ያጠናል። ክፍያው የሚፈጸመው ግን፣ የመንግሥት ገንዘብ ነውና፣ ሦስት ፕሮፎርማ ሲቀርብ ብቻ ነው።