ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ኩላንት

ጎበዝ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ! እዚህ ኮሎምበስ አንድ ወንድማችን ያገለገለ ፖርሽ ቦክስተር ገዝቷል። ኩላንቱን አጥበህ ቀይረው ቢሉት፣ «ውሃ አይደል እንዴ? ጎደል ሲል ከቧንቧ እሞላዋለሁ» ብሎ አረፈው። አይ ባለ ቦክስተር! ቦክሱን ከመካኒኩ ሒሳብ ነው የምትቀምሰው። በል ክርክርህን አውጣው፤ እናንተ ደግሞ ፍረዱ።

«ውሃ ነው» አልክ? ክርክርህ ራሱ ውሃ አያነሳም። ኩላንት ማለት ውሃ፣ ግላይኮልና ዝገት የሚከላከል ቅመም ነው። ውሃ ብቻውን አዲስ አበባ ከፍታ ላይ 92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። የአባይ በረሃ ዳገት ላይ ስንቱ መኪና ቦኔቱን ከፍቶ፣ ሾፌሩ ጀሪካን ይዞ ቆሞ አይተሃል! አንተ ያንን ጀሪካን ተሸክመህ ኦሃዮ ድረስ መጣህ። እዚህ ደግሞ ጣጣው ብርዱ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 1994 ይህች ከተማ ከዜሮ በታች 22 ፋራናይት ወርዳለች፤ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 30። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ማበጫ ቦታ ሲያጣ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ሰው ብቻ መሰለህ? ሞተርም ይወስዳል።

«እንግዲያው ንጹሑን አንቲፍሪዝ ጢም አድርጌ እሞላዋለሁ!» አየህ፣ ከጀሪካን ወጥተህ በርሜል ውስጥ ገባህ። ያልተበረዘ ኤቲሊን ግላይኮል ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ይረጋል። ግማሽ በግማሽ በውሃ ሲበረዝ ግን ከዜሮ በታች እስከ 37 ይችላል። ያልተበረዘው ይበርደዋል፣ የተበረዘው ብርዱን ይችለዋል! ሙቀት ከሞተሩ ተሸክሞ በማውጣትም ውሃ ከግላይኮል ይበልጣል፤ ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጉሃል። ውሃው ግን ዲስቲልድ ይሁን። የቧንቧው ማዕድን ይዞ ይገባል፤ የሻይ ማንቆርቆሪያህን ሆድ ያነጣው እሱ ነው፣ የራዲያተሩን ቀጫጭን መተላለፊያም እንደዚያው ይደፍነዋል።

«አረንጓዴው ካለቀ ቢጫውን፣ ቢጫው ካለቀ ቀዩን» አለ ደግሞ። ወንድሜ፣ ራዲያተር ባንዲራ መስቀያ ነው እንዴ? ኩላንት እንጂ ኩል አልተባለም፤ በቀለሙ አይመረጥም! ቀለሙን ፋብሪካው በፈቀደው መንገድ ነው የሚነክረው። ሆንዳ ሰማያዊ ያደርገዋል፣ ጄነራል ሞተርስ ብርቱካናማ። መኪናህ የሚፈልገው ዓይነት በመመሪያ መጽሐፉ ተጽፏል። የማይስማሙትን ብትቀላቅል አንዱ የሌላውን ዝገት መከላከያ ያዳክማል፤ ሲብስም ጓጉሎ መንገድ ይዘጋል። መጽሐፉን ከእጅ ጓንት ሳጥኑ አውጣው፤ አይነክስህም።

«ስፖርት መኪና እኮ በፍጥነቱ ንፋስ ይቀዘቅዛል!» ኧረ? 270 አውራ ጎዳና ላይ በሥራ መውጫ ሰዓት ተደርድረህ ስትቆም የምን ንፋስ አለ፣ ያንተ ወሬ ካልሆነ? ሜሪስቪል እዚሁ አፍንጫችን ሥር ናት። ሆንዳ ሁለተኛውን ትውልድ ኤን ኤስ ኤክስ ስፖርት መኪና እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2022 የገጣጠመው እዚያ ነው። 3.5 ሊትሩ፣ መንታ ቱርቦው ቪ6 ሞተርም እዚሁ ኦሃዮ፣ አና ላይ ነው የተሠራው። ያ መኪና ሙቀት የሚያስተነፍስበት 10 ራዲያተርና መሰል ዕቃ ተደርድሮለታል። ንፋስ ብቻ ቢበቃ ኖሮ መሐንዲሶቹ ቦታውን ሻንጣ ያስቀምጡበት ነበር! ያንተ ራዲያተሮች ደግሞ ከፊት መከላከያው ግራና ቀኝ ጥግ ናቸው። ዛሬ ማታ ተንበርክከህ በቀዳዳው ባትሪ አብራበት። ያምናው የመከር ቅጠል ጭቃ ጠጥቶ፣ ተጣጥፎ፣ ታጭቆ ታገኘዋለህ። አንተ ቱርቦ ላስገጥም ትላለህ፤ ቱቦው ትንፋሽ አጥሮታል!

አሁን ወደ ትልቁ ወንጀልህ። «ኩላንቱ የዕድሜ ልክ ነው፣ አይነካም» ብለሃል። ዕድሜ ልክ! ምን አጠፋና ፈረድክበት? በየጊዜው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ግላይኮሉ ወደ አሲድነት ይሄዳል፣ መከላከያው ያልቃል። ከዚያ አሉሚኒየሙን መብላት ይጀምራል፤ የውሃ ፓምፑን፣ ራዲያተሩን፣ ተስታታውን። እስረኛው እስር ቤቱን በላው! እኔ ይግባኝ ብያለሁ። መፍቻ አለህ አይደል? ፍታው! የዓመታት እስረኛ በመፍቻ የሚፈታው እዚህ ብቻ ነው።

አፈታቱንም ልንገርህ። ሞተሩ በደንብ ይቀዝቅዝ። ክዳኑ ሥር ያለው ፈሳሽ ታፍኖ ነው ከ100 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ የሚቆየው፤ ትኩሱን ብትከፍተው ፊትህ ላይ ይፈነዳል። መኪናውን አንሥተህ በጠንካራ ማቆሚያ አስደግፈው፤ በክሪክ ብቻ ሥሩ እንዳትገባ። የሆድ ሽፋኑን አውርድ፣ ማፍሰሻ ብሎኑን ፍታ፣ ሰፊ ገንዳ አስቀምጥ። የሚወርደው ቡናማ ከሆነ፣ ጣትህም ላይ አሸዋ ነገር ከቆረቆረህ፣ ክርክሩን እዚያው ተረታህ። ዲስቲልድ ውሃ ሙላ፣ ማሞቂያውን ክፈት፣ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ሞተሩን አስነሳ፣ አቀዝቅዝ፣ ድገመው፤ የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ። ታጥቦ ውስጥ የቀረውን ውሃ አስበህ ነው እንግዲህ አንቲፍሪዙን የምትመጥነው፤ አለበለዚያ ግማሽ በግማሽ ያልከው ሲሶ ሆኖ ይቀራል።

«ከላይ ልሙላውና ልሂድ!» ቆይ! ሞተርህ ከወንበሩ ኋላ፣ ራዲያተሮችህ ከፊት፣ መሃሉን ሁሉ ቧንቧ ነው። አየር እዚያ ይሸሸጋል። ማሞቂያው ቀዝቃዛ ሲነፋብህ፣ የሙቀቱ መርፌ ሽቅብ ሲል፣ አየሩ እየሳቀብህ ነው ማለት ነው። ጋራዦች ሲስተሙን በቫኪዩም አየሩን መጥጠው ነው የሚሞሉት። መሣሪያው ከሌለህ ለሚያውቅ ሰጥተህ አስሞላው። አየር በአየር ንግድ መርካቶ ሰው ያከብር ይሆናል፤ ሞተር ውስጥ ግን ያከስራል!

«አሮጌውንስ መንገድ ዳር ልድፋው?» አፍህን ያዝ! ይሄ ነገር ይጣፍጣል፤ ውሻም ሕፃንም ይልሰዋል፣ ኩላሊት ገድሎ ይገድላል። የመንገዱ የዝናብ መውረጃ ደግሞ ሳዮቶ ወንዝ ድረስ ሊወስደው ይችላል። ክዳን ባለው ዕቃ አሽገህ፣ ስሙን ጽፈህበት ወደሚቀበል ቦታ ውሰደው።

«ብዙ ያስወጣኛል» የምትለው ቀርታልሃለች። ተስታታ ሲጣመም የምትከፍለውን ለማወቅ አንዱን መካኒክ ጠይቀውና ስንት ጋሎን ኩላንት እንደሚገዛ አካፍለው። ካልኩሌተር እኔ አበድርሃለሁ። በል ቁልፉን ወዲህ በል፤ መጀመሪያ ሞተሩ ይብረድ፣ ቀጥሎ አንተ!